ጋሽ ቱቦ እና የተኛው መቀስ

«እትዬ፣ እጅሽን አንሺ!»

አነሳሁ። ሁለቱንም። ምንጣፉ ላይ እንደተንበረከክሁ፣ ቅባት የጠጣ መዳፌን ወደ ጣሪያ ዘርግቼ ቀረሁ፤ ፊቴ ጋለ። ባሏ የሞተባት ሴት የሰው ባል እግር ይዛ ስትገኝ ምን እንደሚወራ አላውቅም አልልም።

«ሚስቱ ፈቅዳልኝ ነው!» አልኩ። «ካላመንሽኝ ጠይቂያት፣ ወጥ ቤት ናት!»

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። «ምኑን ነው የፈቀደችልሽ?»

«እግሩን ነዋ! በገዛ ራሴ ተነስቼ የሰው ባል ባት የምጨብጥ መሰለሽ?»

ሶፋው ላይ የተጋደመው የእግሩ ባለቤት ሳቁን ለቀቀው። «በዚህ ዕድሜዬ ስሜ ሊጠፋ ነው» አለ እንባውን እየጠረገ። «ደስ ሲል!»

«እትዬ፣ እኔ ስለ ባልና ሚስት አይደለም የማወራው» አለች ልጅቷ። «እግሩን እንዳታሺው ነው። በፍጹም እንዳታሺው።»

ሰውዬው የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ የሕንፃው ልጆች ጋሽ ቱቦ ይሉታል፤ እሱም ስሙን ከመውደዱ የተነሳ ስልክ ሲያነሳ «ቱቦ ነኝ» ይላል። ከስድስት ሳምንት በፊት ከመሰላል ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰነጠቀና እግሩ ጀሶ ውስጥ ገባ። መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። ምግብ እንኳ ቆሞ፣ አንድ እጁን ግድግዳ ላይ አሳርፎ፣ የጎረቤት ውኃ ሲወርድ እያዳመጠ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለውን ሰው አምስት ሳምንት ሶፋ ላይ ማስቀመጥ ነብርን ካርቶን ውስጥ እንደማሳደር ነው። ጀሶው የወጣ ዕለት ከሱ በላይ እኛ ነን እፎይ ያልነው። በአራተኛው ቀን ግን ባቱ አበጠ፣ ከበደው። እኔ ሐኪም ባልሆንም ምክር አላጣም፤ ከጀሶ የወጣ እግር ሰነፍ ነው፣ በቅባት አሸት አሸት ሲያደርጉት ይነቃል አልኩ። ሚስቱ መምህሯም «ይሁን» አለች። የቅባቱን ቆርቆሮ ገና መክፈቴ ነበር።

ልጅቷ የእህቱ ልጅ ናት። ስለ ደም የሚጠናበት ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋም፣ ጉድ በሉ፣ ጠዋት ብልቃጥ ውስጥ ደም ማርጋት፣ ከሰዓት በኋላ ያረጋችውን ማሟሟት ነው። ይኸው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የሠራሁትን ዳንቴል ማታ ብተረትረው ማን ሠራተኛ ይለኛል ብዬ ስቄባት አውቃለሁ።

«ሜትርሽን ስጪኝ» አለችኝ።

ዳንቴልና ሹራብ እየሠራሁ ነው የምተዳደረውና ሜትር ከአንገቴ አይጠፋም። ሁለቱንም ባቶች ለካች። ጤነኛው ሠላሳ አራት፣ ያበጠው ሠላሳ ስምንት። እንደገና ለካች። ከዚያ የሕፃን ግንባር እንደምትዳስስ ሁሉ የእጇን ጀርባ ባቱ ላይ አሳረፈች።

«ጀሶው ነው ያሳበጠው» አለ ጋሽ ቱቦ።

«ጀሶ አያሞቅም፣ አጎቴ። ተነስ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ሆስፒታል እግሩን በአልትራሳውንድ አዩት። ዶክተሩ አጭር ሰው ነው፤ ንግግሩ ከሱም ያጥራል። «የደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቷል። ከባት እስከ ጉልበት ጀርባ። ክኒን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ። ትንሽ ትንሽ ይራመዱ። አይታሽ፣ አይታሰር፣ አይጨመቅ። ተነቅሎ ከሄደ መድረሻው ሳንባ ነው። ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያው ይምጡ።»

ቅባት የጠጣውን እጄን ከኋላዬ ደበቅሁት።

ቤት እንደገባን ጋሽ ቱቦ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠው። «ስለ መዘጋት እኔን ነው ሰው የሚጠይቀው» አለ። «ይሄ ነገር ይከፍተዋል?»

«አይከፍተውም» አለች የእህቱ ልጅ።

«አይከፍተውም?»

«በላዩ ሌላ እንዳይረጋበት ይከለክላል እንጂ። የሚከፍተው የራስህ ደም ነው።»

«የዘጋውስ የራሴ ደም አይደል እንዴ?»

ጠረጴዛው ላይ ደብተር የምታርመው መምህሯ ቀና አለች። «እሱስ እውነቱን ነው።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። በትልቅ ማጉያ መሣሪያ የተነሳ የረጋ ደም ነው አለች። እኔ ክር መሰለኝ፤ ድመት የተጫወተችበት የክር ልቃቂት። ለካ እውነትም ክር ኖሯል። ደማችን ውስጥ ሟሙቶ የሚዞር ፕሮቲን አለ። የደም ሥር ሲጎዳ ወይም ደሙ ተኝቶ ሲከርም አንድ ኢንዛይም ይነሳና የዚያን ፕሮቲን ጫፍ ጫፍ ይቆርጣል። የተቆረጠው ከተቆረጠው እየተያያዘ ክር ይሆናል፣ ክሩ መረብ ይሆናል፣ መረቡ ደሙን ያግታል። ከኋላ ሌላ ኢንዛይም እየተከተለ መገናኛ መገናኛውን ይቋጥራል። ኢንዛይም ራሱ ምንድን ነው ብላት «ሠራተኛ በይው» አለችኝ። «አንዱ ቆራጭ፣ አንዱ ቋጣሪ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም።»

«መሥሪያ ቤት በይዋ» አለ ጋሽ ቱቦ። «ለዚህ ነዋ የተዘጋው።»

«አሁን እነዚህን ሁለቱን እዩ። ይሄኛው ክሩ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ይሄኛው ክሩ ቀጭን ነው፣ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያ ቆራጭ ኢንዛይም ሲበዛ እንዲህ ቀጭንና ጥቅጥቅ ይሆናል። የትኛው ቶሎ የሚፈርስ ይመስላችኋል?»

«ቀጭኑ!» አለ ጋሽ ቱቦ። «ቀጭን ነገር ቶሎ ይበጠሳል፤ ይሄ ምኑ ይጠየቃል?»

«ወፍራሙ ነው እንጂ» አልኩ እኔ። «ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ዳንቴል ጫፉን ከያዝሽለት ተርተር ብሎ ያልቃል። ጥቅጥቁን ግን መቀሱ በየት ይገባበታል? አንዱን ስትቆርጪ ሌላው ከኋላው ቆሞ ይጠብቅሻል።»

«እመት ዳንቴል፣ ይሄ የጠረጴዛ ልብስ አይደለም።»

«ቧንቧም አይደለም!»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች ልጅቷ። ይሄን ጊዜ ሁለታችንም ተናደድን። «አንዱን ክር ለብቻው ካያችሁት ቀጭኑ ቶሎ ይቆረጣል። መረቡን በሙሉ ካያችሁት ግን ጥቅጥቁ ይዘገያል፤ ብዛቱ መቀሱን አያሳልፈውም።»

«የኔ የትኛው ነው ታዲያ?»

«በአልትራሳውንድ አይለይም። አላውቅም።»

የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ እንዲያውም ወደድኳት። ጋሽ ቱቦን ግን መልሱ እንደ እሳት ፈጀው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ባቱን አየ።

«መቀሱስ? መቀሱ የት ነው ያለው?»

«እዚያው መረቡ ውስጥ ነው። ሲነቃ ፕላዝሚን ይባላል። መረቡ ሲሠራ አብሮ ይያዛል፣ ግን ተኝቶ ነው። የደም ሥሩ ግድግዳ አንድ ሌላ ኢንዛይም ይልካል፤ እሱ መጥቶ ሲቀሰቅሰው ነው መቁረጥ የሚጀምረው። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ አጎቴ። ሳምንታት። ወራትም።»

«መቀሱ አሁን እግሬ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«ተኝቶ?»

«አብዛኛው ተኝቶ።»

«እኔ እዚህ እየተቁነጠነጥኩ እሱ ይተኛል!» አለ ጋሽ ቱቦ፤ በገዛ እግሩ ተቀየመ። «መቀስቀሻ መርፌ የላችሁም?»

«አለ። ግን እግርህ ላይ ያለውን ብቻ መርጦ አይቀሰቅስም። ያልታሰበ ቦታ ያደማል፣ ጭንቅላት ውስጥ ሳይቀር። ሕይወቱ አፋፍ ላይ ለደረሰ ሰው ነው የሚሰጠው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች መምህሯ፣ ዓይኗን ከደብተሩ ሳትነቅል።

«እንቁላሉ ይሂድ። እኔ እግር የለኝም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ መምህሯ ወደ ትምህርት ቤቷ፣ ልጅቷ ወደ ላብራቶሪዋ ሄዱ፤ ጠባቂነቱ በኔ ላይ ወደቀ። «ዓይንሽን ከእግሩ እንዳትነቅዪ፣ አደራ» አለችኝ መምህሯ። አደራ የሚሉት ቃል ደግሞ ከድንጋይ ይከብዳል። ክሬንና ኪሮሼን ይዤ እነሱ ሳሎን ከረምኩ።

ከመስኮቱ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ጋሽ ቱቦ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ሱሪውን ይሰበስባል። «ለኪኝ!» እለካዋለሁ። ሠላሳ ስምንት። ደግሞ ይሄዳል። «ለኪኝ እስቲ!» ሠላሳ ሰባት ተኩል። ደስ ይለዋል። ከሰዓት ሠላሳ ስምንት ሲሆን «ሜትርሽ ላልቷል» ይለኛል። እሱ ሲያዛጋ እኔ እደነግጣለሁ፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ልቤ ትዘላለች። ሌሊቱን የተነፈሰ እንደሆነ ለማወቅ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። አንድ የጠረጴዛ ልብስ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተረተርኩ፤ ቁጥሩ ከእጄ እየጠፋ።

«እንዴት ነው ግን የተኛ ሰው ሳትነካው የሚነሳው?» አለኝ በአራተኛው ቀን፣ ከመሬት ተነስቶ።

«የቱ ሰው?»

«ተይው።»

ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የዳንቴሌን ቀለበት ስቆጥር ነበርኩ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሕንፃው ዘበኛ ደወለ። ምድር ቤት ያለው የፍሳሽ ቱቦ ታፍኖ ውኃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። የጋሽ ቱቦ ፊት በራ። ሊነሳ ሲል ቀሚሴን ይዤ በሩ ላይ ተደነቀርኩ።

«እሺ፣ እኔ አልወርድም» አለ። «አንቺ ውረጂ። ስልክሽን ይዘሽ አሳዪኝ፣ እኔ ከዚህ እነግረዋለሁ። አምስት ደቂቃ ናት።»

አምስት ደቂቃ ምን ይሆናል ብዬ አራት ፎቅ ወረድኩ። በስልኩ እያሳየሁት ዘበኛውን ያዘዋል፤ «ላስቲኩን አፉ ላይ ግጠመው፣ አሁን ጫን፣ ሳብ፣ ጫን፣ አትፍራው!» ዘበኛው ይጭናል፣ ይስባል። ከዚያ ትእዛዙ ቀረ። ስልኩን ወደ ፊቴ ሳዞር ጋሽ ቱቦ የለም፤ የሚታየኝ የሳሎናቸው ጣሪያ ብቻ ነው። ድምፅ ግን አለ። «እህ… እህ… እህ…» ከባድ ዕቃ የሚገፋ ሰው ድምፅ።

አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩን ስከፍተው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ወደ ላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ግጥም አድርጎ ጠምጥሟል፤ በሁለት እጁ አጭር ቁራጭ ቧንቧ ይዞ ባቱን ከታች ወደ ላይ ያንከባልልበታል። ግንባሩ በላብ ረጥቧል።

«አንተ ሰውዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«እየቀሰቀስኩት።»

«ምኑን?»

«መቀሱን! ተኝቷል አላለችም? የተኛ ነገር ሳይነቀንቁት እንዴት ይነሳል? ደግሞ ጥቅጥቅ ያለም ከሆነ ላላ ላድርግለትና ይግባበት ብዬ ነው። ከታች ወደ ላይ። ሥራዬ እኮ ነው!»

ቧንቧውን ቀምቼ ወረወርኩት። ጎማው ላብ ጠጥቶ አልፈታ አለኝ፤ ጥርሴን ጨምሬ ነው የፈታሁት። እግሩ ከሥሩ ወይን ጠጅ መስሏል። «ስንት ጊዜ ነው የገፋኸው?»

«ሰባት። ሰባት ብቻ።»

ከዚያ ሳለ።

አንድ ጊዜ ነው። ተያየን። «ትን ብሎኝ ነው» አለ። ምንም አልበላም፣ ምንም አልጠጣም። ደግሞ ሳለ።

ለልጅቷ ደወልኩ። የሆነውን ስነግራት «አሁኑኑ ሆስፒታል። ደረጃውን በእግሩ እንዳይወርድ» ብላ ዘጋችው። ዘበኛው ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆኖ ወንበር ላይ አስቀምጠው አወረዱት። ጋሽ ቱቦ በየፎቁ «ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትገጩት» ይላል። ታክሲ ውስጥ ግን ዝም አለ። ያ ሰው ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጧል፤ መጨበጡን ያወቀም አይመስለኝ። ደረቱን እያየሁ ትንፋሹን ስቆጥር የኔው ትንፋሽ ጠፋኝ። መኪና መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ማንም ንቅንቅ የሚል የለም።

«ልሞት ነው እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አፍህን ዝጋ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

ያ አጭር ዶክተር ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካለት፣ ደረቱን አዳመጠ፣ እግሩን አየ። ቆዳው ላይ የጎማው መስመር እንደ መሰላል ተስሏል።

«ነክተውታል?»

«ኧረ አልነካሁም» አለ ጋሽ ቱቦ፤ ዓይኑን ግን ወደኔ ልኮ ለመነኝ። የጎረቤት ገመና ይሸፈናል ተብዬ ነው ያደግሁት። ግን ሸፍኜው ቢሞትስ?

«ከታች ወደ ላይ» አልኩ። «ሰባት ጊዜ። በቁራጭ ቧንቧ። ጎማም ጠምጥሞ ነበር።»

«ጎረቤት ብዬ!» አለ ጋሽ ቱቦ።

ወደ አልትራሳውንድ፣ ከዚያም ሳንባውን ወደሚያነሱበት ክፍል ወሰዱት። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። እጄ ኪሮሹን ፈልጎ አጣው፤ የነጠላዬን ጥለት መፍተል ጀመርኩ። መምህሯ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ መጣች። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የደረሰችው። ነገርኳቸው። መምህሯ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መመላለስ ያዘች፤ ጫማዋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ልጅቷ። «ተኝቷል ባልለው ኖሮ… እንዲገባው ብዬ እኮ ነው ተረት ያደረግሁት።»

«እሱማ ገብቶታል» አልኳት። «ከሚገባው በላይ ነው የገባው።»

«ቀስቃሹ ኢንዛይም በመግፋት አይመጣም። እንዲያውም መረቡ ሲጎተት ይብስበታል። ብልቃጥ ውስጥ እናየዋለን፤ ክሩ ሲወጠር መቀሱ ይለግማል፣ ቆረጣው ይዘገያል።»

የተወጠረ ቋጠሮ በጥፍር እንደማይፈታ ማን ይንገረኝ? ይሄን ለሱ አስቀድሜ ብነግረው ኖሮ ምን ነበረበት? ሳሎኑ ውስጥ አምስት ቀን ተቀምጬ የለካሁት ውፍረቱን ብቻ ነው።

የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ሦስታችንም እንነሳለን፤ ሌላ ሰው ይወጣል፤ ሦስታችንም እንቀመጣለን። አምስተኛው ላይ መምህሯ መነሳቱንም መቀመጡንም ተወችው፤ ቆማ ቀረች።

በመጨረሻ ዶክተሩ ጋሽ ቱቦን በጋሪ ወንበር እያስገፋ ወጣ።

«ሳንባው ንጹሕ ነው» አለ። «የረጋው ደም ከነበረበት አልተነቀለም።»

መምህሯ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ የፈተልኩትን ጥለት ለቀቅሁት።

«ሳሉስ?» አለ ጋሽ ቱቦ።

«ሳል ነው።»

«አያችሁ?» አለ ወደኛ ዞሮ፤ ቀለሙ ከመቅጽበት ተመለሰለት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ጎንበስ አለ። «ግን ትንሽ ላላ አላለም? ከሰባቱ በኋላ?»

«አላለም። ዕድለኛ ነዎት። ሁለተኛ ቢያደርጉት ዕድለኛ ነዎት የሚልዎት ሰው አያገኙም። ክኒኑን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ሌላውን ደምዎ ይሠራዋል። ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር!»

ዶክተሩ ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጥቶ ሄደ። ጋሽ ቱቦ የጋሪውን መንኮራኩር ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ኮሪደሩን፣ ጣሪያውን፣ በጣሪያው ላይ የሚሄዱትን ቱቦዎች ተራ በተራ አየ። መቀመጥ አልሆነለትም። እግሩን ሊነካ እጁን ሰደደና መምህሯ ስታየው ጉልበቱን ያከከ መሰለ።

«ሦስት ወር እኮ ነው የሚለው ሰውዬው!» አለ። «የምንኖርበትን ሕንፃ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ዘርግቼ የጨረስኩት በሦስት ወር ነው!»

መምህሯ ጋሪውን ከኋላ ያዘችና ወደ መውጫው አዞረችው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ሲያፈስ ባልዲ የምደቅንበት እኔ ነኝ።»